ኖክ ሴንሰሩ ሌባ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ) በተገጠመላቸው የቤንዚን ፒክአፖችና ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ ስለሚገኘው ኖክ ሴንሰር በቅርቡ የቀረበ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ኖክ ሴንሰር ሞተሩ ላይ ታስሮ ኖክ የተባለውን ጎጂ ቃጠሎ የሚያዳምጥ ዕቃ ነው፤ ሲሰማ የሞተሩ ኮምፒውተር የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፣ ያን ጊዜ ኖኩ ይቆማል፣ ጉልበቱም ጥቂት ይቀንሳል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፦ ኖክ ሴንሰር የሞተርን ጉልበት የሚሰርቅ፣ ላልሆነ ድምፅ የሚደነግጥ፣ የጭስ ሕግ ለማሟላት ሲባል የተጫነብን ትርፍ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ጭነት የሚጎትት ሰው ሶኬቱን ነቅሎ በቦታው ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ቢያስገባ መኪናው እንደ ልቡ ይሄድለታል። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በስድስት ነጥቦች አስረድተዋል። በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ተሳቢ አስሮ አቀበት መሐል ላይ ሞተር የከዳው ሰው ንዴቱን ያውቀዋል። ነገር ግን ምክራቸውን ሰምቶ የሚሠራ አንባቢ ዋጋውን የሚከፍለው በሞተሩ ነው። እንዲህ ያሉ ሞተሮችን ፈትቼ ውስጣቸውን ያየሁ ባለሙያ ስለሆንኩ ስድስቱንም ነጥቦች እመልሳለሁ፤ ቅደም ተከተላቸውን ግን ለውጬዋለሁ፣ ከሁሉ የከፋውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

በቅድሚያ ኖክ ምን እንደሆነ መስማማት አለብን። ጽሑፉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርቷቸዋል፤ ብዙው ስሕተትም የተነሣው ከዚያ ነው። ጤነኛ ቃጠሎ ከካንዴላው ብልጭታ ይጀምርና እሳቱ በቃጠሎው ክፍል ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። እሳቱ በሰፋ ቁጥር ገና ያልተቃጠለውን የአየርና የቤንዚን ውህድ ወደ ጥግ እየገፋ ያምቀዋል፤ የታመቀ ጋዝ ደግሞ ይግላል። ያ ጥግ ላይ የቀረው ውህድ እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ሙቀት ባንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ፣ የግፊት ሞገድ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ኖክ ማለት ይህ ነው። ካንዴላው ብልጭታ ሳይሰጥ ከጋለ ጥላሸት ወይም ከዘይት ጠብታ የሚጀምረው ቃጠሎ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በቢዬላው (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር በሚያገናኘው ክንድ) ሥር የተበላ ኩሽኔታ የሚያሰማው መንኳኳት ደግሞ ከቃጠሎ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጸሐፊው «ሴንሰሩ እያለ ሞተሩ ሲያንኳኳ ሰማሁት» ያሉት ይህን ሦስተኛውን እንደሆነ ከገለጻቸው እገምታለሁ፤ ድምፁ ሞተሩ ሥራ ፈት ቆሞም ይሰማ እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋልና።

አሁን ወደ ጆሮ ልምጣ። «ልምድ ያለው መካኒክ ጆሮ ካለው ሴንሰሩ ምን ይጨምራል?» የሚል ጥያቄ አንሥተዋል። ለመካኒክ ጆሮ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ እኔም ሥራውን የተማርኩት የብረት ዘንግ ሞተሩ ላይ አስደግፌ በማዳመጥ ነው። ጉዳዩ ግን ድምፁን መስማትና አለመስማት ላይ አያበቃም። የኖክ ሞገድ ድግግሞሽ በዋናነት የሚወሰነው በሲሊንደሩ ስፋት ነው። ከቻርልስ ስታርክ ድሬፐር የ1930ዎቹ ጥናት በመነሣት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት አለ፤ 1800ን ለፓይ፣ ውጤቱንም በሚሊ ሜትር ለተለካው የሲሊንደር ስፋት ማካፈል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ሞዴል ጀምሮ በፎርድ ኤፍ-150 ላይ የተገጠመው ባለ ሁለት ተርቦ 3.5 ሊትር ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 92.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስሌቱ 6.2 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሰጣል፤ በሰከንድ 6200 ያህል ርግብግቢት ማለት ነው። ይህን ድምፅ የሰው ጆሮ ይሰማዋል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም።

ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 150 ጊዜ ይቃጠላል። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን የሚያዳምጠው ኖክ ሊኖር በሚችልበት ጠባብ የጊዜ መስኮት ብቻ ነው፤ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ካለፈ በኋላ ባሉት 60 ያህል ዲግሪዎች እንበል። በዚያ ፍጥነት 60 ዲግሪ ማለት ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ሦስት እጥፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ሃያ ያህል ርግብግቢቶችን ይይዛል፤ መስኮቱ የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ስለሚያውቅም ለዚያው ሲሊንደር ብቻ ብልጭታውን ያዘገያል። ያ ሲሊንደር በድጋሚ የሚቃጠለው ከ40 ሚሊሰከንድ በኋላ ሲሆን እርማቱ እዚያው ላይ ሊደርስ ይችላል። ሾፌሩ የመኪናውን መስኮት ዘግቶ፣ ጎማው እያጓራ፣ ተሳቢው እየተንገጫገጨ ድምፁን ለይቶ እግሩን ከፔዳል እስኪያነሣ ድረስ ያው ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ተመትቷል። ደግሞስ ጆሮ የሰማውን ለካንዴላው በምን ይነግረዋል?

የናፍጣ መኪናው ንጽጽር አንባቢን በቀላሉ የሚያሳምን በመሆኑ ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም። «አርባ ቶን የሚጎትቱ የናፍጣ መኪኖች ከባድ ተርቦ ተሸክመው ያለ ኖክ ሴንሰር ይሠራሉ፤ ታዲያ ለቤንዚኑ ለምን አስፈለገው?» ይላል ጽሑፉ። መልሱ ያለው የሚታመቀው ነገር ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር አየር ብቻ ያምቃል፤ ከ15 እስከ 18 እጥፍ የሚያምቁ ብዙ ናቸው። ነዳጁ የሚገባው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ እንደገባም መቀጣጠል ይጀምራል። ጥግ ላይ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ውህድ ስለሌለ፣ በቤንዚን ሞተር ኖክ የምንለው ነገር የሚፈጠርበት ሁኔታ የለም። የናፍጣ ሞተር የታወቀው መንቋቋት የሚመጣው ነዳጁ ገብቶ እስኪቀጣጠል ባለው አጭር መዘግየት ውስጥ የተጠራቀመው ክፍል ባንድ ጊዜ ሲነድ ነው፤ ይህንንም በዘመናዊ ሞተሮች የሚያለዝቡት ከዋናው ነዳጅ በፊት ጥቂት ጠብታ ቀድሞ በመርጨት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልጠበቁት ነገር አለ። አንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች፣ ለምሳሌ የዴልፊ ኩባንያ ኮመን ሬይል የተባለው የነዳጅ መርጫ ሥርዓት የተገጠመላቸው፣ ሞኖብሎኩ (ዋናው የሞተሩ አካል) ላይ የታሰረ ተመሳሳይ የርግብግቢት ሴንሰር አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ያቺ ቀድማ የምትረጨው ጠብታ መቼ መቃጠል እንደጀመረች በእርሱ ያዳምጣል። በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩና በካንዴላ የሚቀጣጠሉ ከባድ የጭነት መኪና ሞተሮችም ኖክ ሴንሰር ይገጠምላቸዋል፤ እነርሱም እንደ ቤንዚኑ ውህድ ያምቃሉና። ሴንሰር ማስፈለጉን የሚወስነው ሞተሩ የሚያምቀው ነገር ነው፤ የጭነቱ ክብደት ወይም የመኪናው ግዝፈት አይደለም።

«የጭስ ሕግ የጫነብን ዕቃ ነው» የሚለውን በታሪኩ ባጭሩ ልመልስ። ኖክ ሴንሰር ወደ ገበያ የገባው ከተርቦ ጋር ተጣምሮ ነው። ቢዊክ እ.ኤ.አ. በ1978 ተርቦ የገጠመለትን ቪ6 ሞተር ሲያወጣ፣ ኖክ ሲሰማ ብልጭታውን የሚያዘገይ ሴንሰር አብሮት ነበር። የስዊድኑ ሳብ ደግሞ በመሐንዲሱ ፔር ጊልብራንድ መሪነት የሠራውንና ኤፒሲ የተባለውን ሥርዓት ከ1982 ሞዴል ጀምሮ ገጠመ፤ ሴንሰሩ ኖክ ሲሰማ የተርቦው ግፊት ራሱ ይቀነስ ነበር። በዚህም የተነሣ ኩባንያው የሞተሩን የማመቅ መጠን ከ7.2 ወደ 8.5 እጥፍ ከፍ ማድረግ ቻለ። ቀደም ሲል የጠቀስኩት የፎርድ ሞተር ደግሞ በሁለት ተርቦ እየተነፋ 10 እጥፍ ያምቃል፤ በ2017 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ 10.5 ደርሷል። ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር መርጨት ውህዱን ስለሚያቀዘቅዝ ለዚህ ትልቅ እገዛ አድርጓል። ያም ሆኖ ሴንሰሩ ባይኖር የትኛውም አምራች እንዲህ ያለውን ሞተር በመደበኛ ቤንዚን ዋስትና ሰጥቶ አይሸጠውም ነበር። ጸሐፊው ተሰረቀብን የሚሉት ጉልበት የተገኘው በሴንሰሩ ነው። ከሕግ ጋር ያለው ግንኙነት ሌላ ነው፤ በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ የመኪና ኮምፒውተር ሴንሰሮቹን ራሱ እንዲመረምርና ሲበላሹ መብራት እንዲያበራ ሕግ ያስገድዳል። ሕጉ መብራቱን አስበርቶ ይሆናል እንጂ ሴንሰሩን የወለደው እርሱ አይደለም።

ስለ ነዳጅ የጻፉት ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ግማሹ እውነት ነውና። «ጥሩ ቤንዚን የሚሞላ ሰው ኖክ አያጋጥመውም» ይላሉ። ኦክቴን ቤንዚን ያለ ብልጭታ በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለውን ትዕግሥት የሚለካ ቁጥር ስለሆነ፣ ከፍ ያለ ኦክቴን ኖክን ያርቃል። ነገር ግን ጽሑፉ ከ87 ወደ 91 በመሸጋገራቸው የተለየ ነዳጅ እንዳገኙ ሲናገር ሁለት መለኪያዎችን አምታቷል። የአሜሪካ ፓምፕ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር የሁለት ፈተናዎች አማካይ ነው፤ በሌሎች ብዙ አገሮች የሚለጠፈው ደግሞ ከሁለቱ የመጀመሪያው ብቻ ሲሆን ከፍ ብሎ ይታያል። የአሜሪካው 87 ከሌላው ዓለም 91 ጋር የሚቀራረብ ነዳጅ ነው። የመኪናውን መመሪያ በአንዱ መለኪያ አንብቦ ነዳጁን በሌላው የሚሞላ ሰው ተሻሻልኩ ብሎ ባለበት ሊቆም ይችላል።

ከነዳጁም በላይ ግን ሙቀቱ አለ። ተርቦ አየርን ሲያምቅ ያግለዋል። ውጪው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ግፊቱን እጥፍ የሚያደርግና 70 በመቶ ቅልጥፍና ያለው ተርቦ አየሩን ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል። ከተርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ያወርደዋል፤ ንጹሕ ከሆነና በቂ ንፋስ ካገኘ። ተሳቢ አስሮ በዝግታ አቀበት የሚወጣ መኪና ግን የሚያገኘው ንፋስ ትንሽ፣ የሚያመርተው ሙቀት ብዙ ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ተርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ እየወረደ ከኖክም ይርቃል፤ ተርቦው ግን የሳሳውን አየር ወደ ቀድሞ ግፊቱ ለመመለስ ይበልጥ ማመቅ አለበት፤ ይበልጥ ሲያምቅም ይበልጥ ያግለዋል። በዚህ ላይ በቃጠሎው ክፍል ውስጥ የተጋገረ ካርቦን፣ ግማሽ የተደፈነ ኢንጀክተር (የነዳጅ መርጫ)፣ የጎደለ የራዲያተር ውኃ ይጨመርበት። ነዳጁ ያው ሆኖ ሞተሩ ጠዋት ጤነኛ፣ ቀትር ላይ ኖክ የሚያሰማ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በየቅጽበቱ የሚያዳምጥ የሚያስፈልገው። ተቃራኒውንም ልናገር፦ ሴንሰር አለ ተብሎ ያገኙትን ሁሉ መሙላት ተገቢ አይደለም። ብልጭታ ሲዘገይ ከቃጠሎው የሚተርፈው ሙቀት ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ተርቦውና የጭስ ማጣሪያው ይግላሉ። ቀኑን ሙሉ በዘገየ ብልጭታ ጭነት መጎተት ለሞተር ጤና አይሆንም።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው አንድ ወዳጃቸው ጥሩ ቤንዚን እየሞላ፣ ሴንሰሩም እየሠራ፣ በዝቅተኛ ዙር ሲጎትት ፒስተኑ እንደተሰበረበት ጠቅሰው «ታዲያ ሴንሰሩ የት ነበር?» ብለዋል። ይህ ጥያቄ ልቤን ነክቶታል፤ ሰውየው ጥንቁቅ ሆኖ ሳለ የተጎዳ ይመስላልና። ገለጻው ከተለመደው ኖክ ይልቅ በዝቅተኛ ዙርና በከፍተኛ ግፊት ከሚደርሰው ቀድሞ መቀጣጠል ጋር ይገጥማል። ነዳጅ በቀጥታ በሚረጭባቸው ተርቦ ሞተሮች ላይ ዙሩ ዝቅ ብሎ ፔዳሉ በጥልቀት ሲረገጥ፣ ከፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን ከሚዘጋው የብረት ቀለበት) በላይ ባለው ክፍተት የተጠራቀመ የዘይትና የቤንዚን ድብልቅ በጠብታ መልክ ወደ ቃጠሎው ክፍል ይገባና ከብልጭታው በፊት እሳት ይጭራል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ የሚፈጠረው ግፊት ከተለመደው ኖክ እጅግ የከፋ በመሆኑ አንድ ጊዜ ብቻ ተከስቶም የፋሻውን መቀመጫ ሊሰብር ይችላል።

ይህን ብልጭታ በማዘግየት መከላከል አይቻልም፤ ቃጠሎው ብልጭታውን አልጠበቀማ። ሴንሰሩ ድንጋጤውን የሚሰማው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ይህ ነገር ተከታትሎ የመምጣት ባሕርይ ስላለው፣ ኮምፒውተሩ ወዲያው ግፊቱን በመቀነስ ቀጣዮቹን ሊያስቀር ይችላል። ዋናው መከላከያ ዘይቱና አነዳዱ ላይ ነው። በዘይት ውስጥ ያለው በካልሲየም ላይ የተመሠረተ ማጽጃ ክስተቱን እንደሚያባብስ፣ በማግኒዥየም ላይ የተመሠረተው ደግሞ እንደማያባብሰው በመታወቁ፣ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት በ2018 ኤፒአይ ኤስኤን ፕላስ፣ በ2020 ደግሞ ኤፒአይ ኤስፒ የተባሉ ደረጃዎችን አውጥቷል። የዘይቱ ጣሳ ላይ ኤስፒ የሚለውን ፈልጉ። አቀበት ላይም ሞተሩን በከፍተኛ ማርሽ እየረገጣችሁ አታስጨንቁት፤ ማርሽ ቀንሳችሁ ዙሩን አንሡለት። የጸሐፊው ወዳጅ ይህን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ፒስተኑ ተርፎ ይሆን ነበር። ሴንሰሩን ቢነቅለው ግን ምንም አይተርፍለትም ነበር።

ሴንሰሩ ላልሆነ ድምፅ ይደነግጣል ለሚለው ደግሞ በግልጽ «አዎ» እላለሁ። በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ያዩት እውነተኛ ነገር ነው። ሴንሰሩ በውስጡ ያለው ግፊት ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፒዬዞ ክሪስታል ነው፤ ቃጠሎን አያይም፣ የብረቱን ርግብግቢት ብቻ ይሰማል። የላላ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ ማቀፊያ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚንገዳገድ ያረጀ ፒስተን፣ የቫልቭ መንኳኳት፣ አንዳንዴም የኢንጀክተሩ ምት በዚያው ድግግሞሽ አካባቢ ሊወድቁ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ በማጣሪያና በዚያች ጠባብ መስኮት ብዙውን ይለያል፤ ሁሉንም ግን አይለይም። የማልስማማው በመፍትሔያቸው ነው፤ ከሴንሰሩ ሥር የጎማ ዋሸር አስገብቶ «ማረጋጋት» ብለዋል። ጎማ ርግብግቢትን ይውጣል፤ እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም አብሮ። በመሐሉ ብሎን የሚያልፍበት ጠፍጣፋው ዓይነት ሴንሰር የሚሰማውም ብሎኑ በትክክል ሲጠብቅ ብቻ ነው። ብዙዎቹ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እርሱ ይከበር። መቀመጫው ንጹሕና ባዶ ብረት ይሁን፤ ዋሸር፣ ቀለም ወይም ማጣበቂያ አይግባበት። በእጅ ግምት ያለ ልክ የጠበቀና የላላ ሴንሰር ሁለቱም ይዋሻሉ፤ አዲስ ሴንሰር ገዝተው ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ኮድ አልጠፋ ያላቸውን ሰዎች ስጠይቅ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) የተጠቀመ እምብዛም አላገኘሁም።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት ይቻላል፤ ጽሑፉ ይህን መንገድ ጨርሶ አለመጥቀሱ ያሳዝነኛል። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር አገናኝታችሁ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ብልጭታው ስንት ዲግሪ እንደዘገየ ተመልከቱ። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ ዙሩን ወደ 3000 ስታነሡት ኖክ የሚያሳይ ከሆነ ከብረት የመጣ ድምፅ ነው፤ ያለ ጭነት እውነተኛ ኖክ መፍጠር አስቸጋሪ ነውና። በጭነት ላይ ብቻ ከታየ ከፍ ያለ ኦክቴን ሞልታችሁ ያንኑ አቀበት በድጋሚ ውጡ። መዘግየቱ ከቀነሰ ሴንሰሩ እውነቱን ነበር፤ የላላ ቆርቆሮ የቤንዚን ለውጥ አይሰማውም። አንድ ሲሊንደር ብቻ ከዘገየ ኢንጀክተሩንና ካርቦኑን፣ ሁሉም ከዘገዩ ነዳጁንና የሚገባውን አየር ሙቀት መርምሩ። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሬዚስተሩ። ጸሐፊው ሶኬቱን ነቅለው ሬዚስተር ካስገቡ በኋላ መኪናው «እንደ አዲስ ተወለደ» ብለዋል። ልብ በሉ፣ ነቅሎ መተው ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ሶኬቱ ሲነቀል ኮምፒውተሩ መስመሩ መቋረጡን አውቆ ፒ0325 የተባለውን ኮድ፣ በሁለተኛው የሲሊንደር ረድፍ ከሆነ ፒ0330ን፣ ይመዘግባል፤ ከዚያም መስማት እንደተሳነው ስለሚያውቅ ብልጭታውን ለጥንቃቄ አዘግይቶ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜም የተርቦውን ግፊት ይገድባል። መኪናው ይደክማል። ሬዚስተሩ የሚገባው ይህን ጥንቃቄ ለማታለል ነው። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ላይ ማታለሉም አይሠራም፤ የሞተር ጩኸት ዙሩ ሲጨምር አብሮ መጨመር እንዳለበት ኮምፒውተሩ ስለሚያውቅ፣ ዝም ያለ መስመር ሲያገኝ ፒ0327ን ይመዘግባል። በሚሠራባቸው ላይ ግን የሚሆነው ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩ «ኖክ የለም» ብሎ አምኖ ብልጭታውን ወደ መጨረሻው ወሰን ያስቀድማል። ጸሐፊው የተሰማቸው ጉልበት እውነት ነው፤ አልክድም። የተገኘው ግን ጠባቂው ዝም በማለቱ ነው።

እንዲህ የተደረገበት አንድ ፒክአፕ እጄ ላይ ደርሷል። ባለቤቱ መኪናውን ከሌላ ሰው ገዝቶ ጥቂት ወራት ተሳቢ ጎትቶበታል፤ ያመጣው በሥራ ፈት ዙር እየተንቀጠቀጠና ከዘይት መሙያው ጭስ እየተፋ ነበር። የሦስተኛው ሲሊንደር ግፊት ከሌሎቹ ግማሽ አይሞላም። ካንዴላውን ስናወጣ ነጩ ሸክላ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የተረጨ አሉሚኒየም አየን፤ ከፒስተኑ የተነቀለ ነው። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አውርደን ፒስተኑን ስናወጣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፋሻ መካከል ያለው ጠርዝ ተሰብሮ ነበር። የሽቦውን መስመር ስከተል በጥቁር ቴፕ የተጠቀለለች ሬዚስተር አገኘሁ። የመኪናው ዋናው ሴንሰር እዚያው ቦታው ላይ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ታስሮ ነበር። የኤሌክትሪክ ምልክትን በሥዕል ከሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ጋር አገናኝቼ አጠገቡ ያለውን ብረት በትንሽ መዶሻ ስነካው ምልክቱ ጥርት ብሎ ወጣ። ሴንሰሩ ጤነኛ ነበር።

ታዲያ ለምን ብልጭታውን ያዘገይ ነበር? የኢንተርኩለሩ ፊት ግማሽ ያህሉ በደረቀ ጭቃ ተደፍኖ ነበር። ሞተሩን ካደስን በኋላ ኢንተርኩለሩን ሳናጥብ ሆን ብለን አንድ ጊዜ በመጠነኛ ጭነት ሞከርነው፤ ሴንሰሩ በቦታው ተመልሷል፣ የሚገባው አየር ሙቀት እየወጣ ሲሄድ ብልጭታው በሁሉም ሲሊንደሮች ይዘገይ ጀመር። ጭቃውን አጥበን በዚያው መንገድ ስንመለስ መዘግየቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ባለቤት ጉልበቱ የሄደበትን ቦታ ሴንሰሩ በየቀኑ ይነግረው ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ባልዲ ውኃና ጥቂት ትዕግሥት ነበር። አዲሱ ባለቤት ግን ያላጠፋውን ጥፋት በሙሉ ሞተር እድሳት ከፈለ፤ ይህን ስጽፍ አሁንም የሚያስቆጣኝ እርሱ ነው።

ጸሐፊው ይህን ምላሽ ካነበቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። በሌሎቹ ነጥቦች ላይ እንከራከር፤ ስለ ሐሰተኛ ድምፅ የጻፉትን እንደውም አስፍተው ቢጽፉት አንብቤ እማርበታለሁ። የሬዚስተሩን መጠንና የሽቦውን አቀጣጠል በሥዕል ያሳዩበትን አንቀጽ ግን ያንሡት። በቦታውም ኮድ ያየ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ይጻፉ፦ ኢንተርኩለሩን ይጠብ፣ የተርቦውን ቱቦዎች ለስንጥቅ ይመርምር፣ የራዲያተሩን ውኃ ይይ፣ የታመነ ቤንዚን ይሙላ፣ የሴንሰሩን ሶኬት ለዝገትና ለእርጥበት ይክፈት፣ ብሎኑን በቶርክ ሬንች ይለካ። ሬዚስተሯን አስቀድሞ የገጠመ አንባቢ ካለ ደግሞ ተሳቢውን በድጋሚ ከማሰሩ በፊት ዛሬውኑ ያውጣት፤ ካንዴላዎቹንም አውጥቶ ሸክላቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር መኖሩን በብርሃን ይመልከት።